ሐረጎ ላይ የተፈተነች ቪትዝ

ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በሳምንት ስድስት ቀን ጠዋት በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ይህ ሁሉ ከፍታ 25 ኪሎ ሜትር በማይዘል መንገድ፣ ያውም በጥምዝምዝ።

መኪና ልገዛ ስነሳ የሰማኝ ሁሉ «ሲቪቲ እንዳትገዢ!» አለኝ። ለምን ስል «ይበላሻል»። በቃ፣ ሌላ መልስ የለም።

ነገሩን በደንብ ያስረዱኝ መካኒካችን ናቸው። ሲቪቲ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዓይነት ነው፤ ግን እንደሌላው ካምቢዮ ማርሽ እየቀያየረ አይሄድም። ሁለት ፑሌጃ አለው፤ በመካከላቸው ከብዙ ስስ ብረት የተሰካካ ቺንጊያ። ፑሌጃዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ፍጥነቱ ይለዋወጣል። ብረት ብረትን ይዞ ነው የሚሠራው፣ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ደግሞ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ካረጀ፣ ወይ አንዱ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከሞላበት፣ ወይ ዳገት ላይ ያለልክ ከጋለ ቺንጊያው ይንሸራተትና ፑሌጃውን ይቧጭራል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ካምቢዮውን በሙሉ መቀየር ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የምንገዛው እዚሁ ሲነዳ የኖረውን ነው። ማን ምን ዘይት እንዳደረገበት በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያዋን መኪና ያሳየኝ ሰው ፒያሳ ሁለት ዙር አዞረኝና «ቅቤ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። ሳይግል ሁሉም ቅቤ ነው። «ኮምቦልቻ ደርሰን እንመለስ» ስለው ቤንዚን የለኝም አለ። እኔ እቀዳለሁ ስለው ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛዋ በፈረንጅ 2008 የተሠራች ባለ 1.3 ቪትዝ ነበረች። ባለቤቱ ያለ ክርክር ሰጠኝ። መካኒኩን ይዤ ወረድኩ፤ ኮምቦልቻ ሻይ ጠጣንና ወዲያው ሽቅብ። ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አንድ ድምፅ ይዞ መጮህ ጀመረ፤ ክው አልኩ። «አብሽሪ» አሉኝ፣ «ተፈጥሮው ነው። የሚያስፈራው የሞተሩ ዙር ሽቅብ ሲዘል የመኪናዋ ፍጥነት ቁልቁል ሲወርድ ነው።» ደሴ ስንገባ እንደጋለች አቁመን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አስገባናት። አልዘገየችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። ጋራዥ ገብተን ከካምቢዮው ትንሽ ዘይት አስፈሰሱ። ጠቆር ብሏል፣ የማረር ሽታ ግን የለውም። ገዛኋት። በዚያው ሳምንት ለሲቪቲ ተብሎ የተሠራውን ዘይት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ አስቀየርኩ።

ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ካምቢዮው አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ቁልቁለቱን የማርሽ ዘንጉን «ቢ» ላይ አድርጌ እወርዳለሁ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ፍሬኑም አይግልም። የሚያናድደኝ ጩኸቱ ነው። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ከጫንኩማ እህቴ «ታለቅሳለች እኮ!» ትላለች። ይሄን እንኳ ለካምቢዮው ብቻ አልሰጥም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

አንድ ጠዋት ባትሪ ሞተና ጎረቤት ሁሉ ሊገፋልኝ ወጣ። ሲቪቲ ተገፍቶ አይነሳም። አንዱ ገመድ አምጥቶ «ጋራዥ ልጎትትሽ» አለ። የፊት ጎማዎቹ መሬት ነክተው መጎተት ካምቢዮውን ይጎዳል፤ ለምኜ አስቆምኩት። ቅር ብሎት ሄደ።

የሰው ፍርሃት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2010 (በፈረንጅ) ለወጡ ሲቪቲ መኪኖቹ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120 ሺህ ማይል አራዝሞ ነበር። ካምፓኒ ያለ ምክንያት እንዲህ አይቸርም። ስለዚህ ሲቪቲን በጅምላ አላወድስም። ደህና ተይዞ የኖረ የድሮው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ በተመሳሳይ ዋጋ ባገኝ ለዚህ ዳገት እሱን እወስድ ነበር። አላገኘሁም።

ቀጣዩን ዘይት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሪ ብለውኝ ነበር። እኔ በ25 ሺህ አስቀይራለሁ ስላቸው መካኒኩ «ገንዘብ ተርፎሻል» ብለው ሳቁብኝ። ዘይቱን ግን አዝዣለሁ።