የእናቴን የልብ ምት መፍጠን ምክንያት ላገኘችልን የመድኃኒት ባለሙያ ምስጋና

እናቴ ለደም ግፊቷ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን፣ ብዙዎቻችን «የሚያሸናው ክኒን» የምንለውን መድኃኒት 25 ሚሊግራም በየማለዳው ትወስድ ነበር። ባለፈው ዐቢይ ጾም ጤናዋ ተናጋ። ልቧ ድው ድው ይላል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ባቷን ይሸመቅቃታል፣ ከስግደት ስትነሣ ዓይኗ ይጨልማል። በሄድንበት አንድ ቦታ «ጭንቀት ነው፣ አያስቡ» ተባለች። አመነች። ምን ይሆን ያስጨነቀኝ እያለች ራሷን ስትመረምር፣ ከእኛ ከልጆቿ ጋር መጫወት ሁሉ ተወች።

ክኒኑ ሲያልቅ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት አብረን ሄድን። ባለሙያዋ የእናቴን እጅ አየት አድርጋ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ጠየቀቻት። «እማማ፣ ክኒኑን የሚውጡት መቼ ነው? ውኃስ ስንት ሰዓት ይጠጣሉ?» ክኒኑ ማለዳ በአንድ ጉንጭ ውኃ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። አስቀምጣ ግፊቷን ለካች፤ ላይኛው 126 ነበር። አቁማ ሦስት ደቂቃ ጠብቃ ስትለካ 101 ወረደ።

ከዚያ የክኒን ፖስታ ገልብጣ ኩላሊት ሣለች፤ አናቱ ላይም ቆብ የመሰለች ዕጢ ደፋችበት። ክኒኑ ጨውና ውኃ በሽንት እያስወጣ ግፊት ያወርዳል። የወጣው ሳይተካ ሲቀር ግን በደም ሥር ያለው ፈሳሽ ይጎድላል፤ ሰውነትም ደም እንደ ፈሰሰበት ይቆጥረዋል። ኩላሊት ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፣ በእሱ ሰበብ የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ቆቧ ዕጢ አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን ታመነጫለች። ነርቮችም ስንደነግጥ የሚረጩትን ያንኑ ኖርአድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ የሚሮጠው ለዚህ ነው። አልዶስቴሮን ደግሞ ጨው ለማስቀረት ሲል ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን በሽንት ይሸኛል፤ ፖታሲየም ሲጎድል ጡንቻ ይሸመቅቃል፣ የልብ ምትም ይዛባል።

«እማማ፣ ሰውነትዎ ውኃ ጎደለኝ ብሎ ነው የሚጮኸው» አለቻት። እናቴ አለቀሰች፤ ለካ ያን ሁሉ ቀን አእምሮዬን ልስት ነው ብላ ስትፈራ ኖሯል።

ባለሙያዋ በራሷ ሥልጣን ምንም አልቀየረችም። ለእናቴ ሐኪም ያየችውን ጽፋ ላከችን። የእናቴ ፖታሲየም በደም ሲመረመር 2.9 ሆኖ ተገኘ፤ ቢያንስ 3.5 መሆን ነበረበት። ሐኪሙ ክኒኑን ወደ 12.5 ቀንሶ፣ ፖታሲየም ለጥቂት ጊዜ አዘዘላት። የንስሐ አባቷም «ታመሻልና ውኃውን ጠጪ» አሏት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልቧ ረጋ።

ባለሙያዋ አጥብቃ የነገረችንን እኔም ልድገመው፦ ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ፖታሲየምም ሳትመረመሩ ገዝታችሁ አትውሰዱ። በተለይ ኩላሊታችሁን የምትታመሙ፣ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የተባሉትን መድኃኒቶች የምትወስዱ ሰዎች ፖታሲየም በዝቶባችሁ ልብን ሊያቆም ይችላል።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ ማውጣት አልፈለግሁም፤ መድኃኒት ቤቱን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ጠዋት ወረፋው ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዛችሁ።