ታቮር፣ አውግ፣ ሄሊየን ወይስ ኬልቴክ? ባለቤቶቹ ጅማ ላይ የተሟገቱበት አጭር ጠመንጃ

ፍርዱን ላስቀድም። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ፣ ኪሳችሁ ከፈቀደና አጭር ጠመንጃ የግድ ካስፈለጋችሁ ታቮር ኤክስ95 ውሰዱ። ግራኝ ከሆናችሁ ወይም ቤት ውስጥ ግራኝ ካለ ሄሊየን። አጭር ለምን እንደፈለጋችሁ ሲጠይቋችሁ መልሱ ከጠፋችሁ ደግሞ ተራውን ኤአር-15 (አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ የሚገኘውን የተለመደ ጠመንጃ) ገዝታችሁ በተረፈው ዶላር ተኩስ ተለማመዱበት።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለሚኖሩ የአገሬ ልጆች ነው፤ እኔም ኑሮዬ ዳላስ ነው። ዘንድሮ ለሠርግ ጅማ ስንሰበሰብ፣ ከዳላስም ከዴንቨርም የመጣው ሰው ከምሳ በኋላ ቡና ላይ ቁጭ ሲል ወሬው ከቤት ኪራይ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ጠመንጃ ሄደ። ከመካከላችን ቡልፐፕ የሚባለውን አጭር ጠመንጃ የገዙ ነበሩ፤ ያመሰገነም የተማረረም አለ። ከታች ያለው የእነሱ ሙግትና የእኔ ፍርድ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፤ ወሬው ጅማ ላይ ይሁን እንጂ ገበያው እዚያ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ ከውጭ ማስገባትም ወንጀል ነው። አሜሪካም በበኩሏ ጠመንጃ ያለ ፈቃድ እንዲወጣ አትፈቅድም። «ለአጎቴ አንድ ባመጣለት» የምትሉ ካላችሁ ቡና ወፍጮ አምጡለት።

ቡልፐፕ ማለት ካዝናውና መተኮሻ ክፍሉ ከምላጩ በስተኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ የገቡበት ጠመንጃ ነው። በዚህ ምክንያት አፈሙዙ ሳያጥር ጠቅላላ ቁመቱ ያጥራል። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ወይም ጠቅላላ ቁመቱ ከ26 ኢንች በታች የሆነን ጠመንጃ በልዩ ምዝገባ ሥር አድርጎታል። የታቮር ኤክስ95 ቁመት 26 ኢንች ከአንድ ስምንተኛ የሆነው ለዚህ ነው፤ መሐንዲሶቹ እስከ ሕጉ ጠርዝ ሄደው ቆሙ። በእኛ ልኬት 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ባለ 16 ኢንች አፈሙዝ ኤአር-15 ሰደፉ ተሰብስቦ እንኳ ከ80 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

ይህ ልዩነት የሚታወቀው በር ላይ፣ መኪና ውስጥና ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ቆሞ ወረቀት ለሚበሳ ሰው ግን ምንም አይፈይድለትም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ብዙዎቹ የገዙት መልኩን ወደው ነው። ነውር የለውም፤ ግን ለመልክ ሁለት ሺህ ዶላር እየከፈሉ እንደሆነ ይወቁት።

ወደ ታቮር እንመለስ። የእስራኤሉ ኩባንያ አይደብልዩአይ ኤክስ95ን ለአሜሪካ ሲቪል ገበያ ያቀረበው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት ከ2013 ጀምሮ የነበረው ታቮር ሳር ምላጩ ከባድ ስለነበር ገዢው ሁሉ ሌላ ምላጭ ገዝቶ ይቀይር ነበር። የቡልፐፕ ሁሉ የተፈጥሮ ችግር ይሄ ነው፤ ምላጩ ፊት፣ መዶሻው ኋላ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም ዘንግ አለ፣ ጣት ላይ የሚሰማው ስበት ይደነዝዛል። ኤክስ95 ላይ ይህ በጣም ተሻሽሏል። የዴንቨሩ ልጅ «ከሳጥኑ አውጥቼ እንዳለ ነው የምተኩስበት» ይላል፤ የዳላሱ ደግሞ ሦስት መቶ ዶላር አካባቢ ጨምሮ ሌላ ምላጭ አስገብቷል። እኔ ከዴንቨሩ ጋር ነኝ፤ ያ ገንዘብ ጥይት ቢሆን ይሻል ነበር። ካዝናው የኤአር-15 መሆኑም ትልቅ ነገር ነው፤ በየሱቁ በርካሽ ይገኛል።

ሠርጉ ላይ የነበሩ፣ በደርግ ጊዜ ክላሽ ተሸክመው የኖሩ አንድ ጋሼ ፎቶውን ስልክ ላይ አይተው የመጥረጊያ እንጨት አስመጡ። እንጨቱን ትከሻቸው ላይ ደግነው ግራ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሥር ሰደዱና «ካዝናው እዚህ ከሆነ፣ ዓይኔን ከፊቴ ሳላነሳ እንዴት ነው የምቀይረው ልጄ?» አሉ። የዳላሱ ተነስቶ አሳያቸው፦ ቀኝ እጅ ከመያዣው ሳይነቃነቅ በሌባ ጣት ቁልፉን መጫን፣ ባዶው ሲወድቅ በግራ አዲሱን ከብብት ሥር መክተት፣ በዚያው እጅ አውራ ጣት ከካዝናው ጀርባ ያለውን ማቀባበያ መግፋት። ሲለመድ ይፈጥናል። ጋሼ ግን «ለምን ልማድ?» ብለው እንጨቱን መለሱ። እሳቸው የጠየቁትን ማንኛውም ከክላሽ ወይም ከኤአር የመጣ ሰው መጠየቅ አለበት፤ እጃችሁ የለመደውን አፍርሳችሁ እንደ አዲስ ትማራላችሁ፣ ያም ብዙ ጥይት ይበላል።

ስታየር አውግ የዚህ ዘር አንጋፋ ነው። የኦስትሪያ ጦር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታጥቆታል፤ ያኔ የፊልም ጠመንጃ የሚመስል ነገር ነበር፣ ዛሬም አላረጀም። በአሜሪካ የሚሸጠው ኤ3 ኤም1 የሚባለው ሲሆን ባለ 16 ኢንች አፈሙዝ ነው፤ ቁመቱ 71 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። አፈሙዙ ቁልፍ ተጭኖ በፊት መያዣው ሲጠመዘዝ ብድግ ይላል፤ ያለው ሰው ቦርሳ ውስጥ ለሁለት ከፍሎ ይይዘዋል። ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሚያደላ በአንድ እጅ እንኳ ሲይዙት ቀለል ይላል። የሚያማርረው ምላጩ ነው፤ ረጅምና ከባድ ነው። ካዝናውም የራሱ ነው፤ በውስጡ ጥይት የሚያሳይ ጥሩ ፕላስቲክ ቢሆንም ዋጋው ከኤአር ካዝና ይበልጣል። የኤአር ካዝና የሚበላ ሰደፍ የተገጠመለት አለ፤ እሱን የገዛ ሰው ደግሞ ቀለሃውን ወደ ግራ የማዞር ዕድሉን ያጣል።

እዚህ ጋ የግራኝ ጉዳይ ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ ያከራከረንም ይሄ ነው። ቡልፐፕ ላይ ቀለሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ጉንጭ አጠገብ ነው። በቀኝ ለሚተኩስ ወጥቶ ይሄዳል። በግራ ትከሻ ካደረጉት ግን የጋለ ቀለሃ ፊት ላይ ይመጣል። ታቮርም አውግም ወደ ግራ ይቀየራሉ፤ ነገር ግን የግራ መቀርቀሪያ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል፣ ከተቀየረ በኋላም በቀኝ መተኮስ ይቀራል። ባልና ሚስት በአንድ ጠመንጃ የሚለማመዱ ከሆነና አንዱ ግራኝ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ሄሊየን ይህን ፈትቶታል። ሥሩ የክሮኤሺያ ጦር የሚጠቀምበት ቪኤችኤስ-2 ነው፤ የሚሠራው ኤችኤስ ፕሮዱክት ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ አርመሪ ከ2022 ጀምሮ ይሸጠዋል። ቀለሃው በየት ይውጣ የሚለው ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይቀየራል፤ ሰደፉም አምስት ቦታ ላይ ይረዝማል ያጥራል፣ ስለዚህ ረጅሙም አጭሩም ሰው ይመቸዋል። ካዝናው የኤአር ነው። ሰደፉ ተሰብስቦ 72 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 3.6 ኪሎ። ዋጋው ሲወጣ 1,999 ዶላር ነበር፤ ከታቮር ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። እንከኑ ግዙፍነቱ ነው። በቁመት አጭር፣ በጎን ወፍራም፤ ትንሽ እጅ ያላት የአክስቴ ልጅ ያዘችውና «ይሄ አይሆነኝም» ብላ ታቮሩን ጠየቀች።

ኬልቴክ አርዲቢ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ ቀለሃውን ወደ ታች፣ ከካዝናው ጀርባ ይጥለዋል። ግራኝ ቀኝ የሚባል ጣጣ የለም። አፈሙዙ 17.3 ኢንች ሆኖ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፣ ክብደቱ 3.2 ኪሎ አካባቢ፣ ምላጩም ከነዚህ ሁሉ የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። ዋጋው ከሌሎቹ ግማሽ ገደማ። ታዲያ ለምን አንደኛ አላልኩትም? አሠራሩ ሲነካ ርካሽነቱ ይታወቃል፤ ጋዙን (ጥይቱ ሲተኮስ መቀርቀሪያውን የሚገፋውን ግፊት) ከምትተኩሱት ጥይት ጋር እስክታስተካክሉ ድረስም ሊያነክስ ይችላል። ትዕግሥት ላለውና ዊንጥ ማዞር ለሚወድ ሰው ግን በዚህ ዋጋ ተወዳዳሪ የለውም።

ታቮሩን ለመግዛት ልትነሱ ስትሉ አንድ አዲስ ነገር አለ። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ አጭር አፈሙዝ ላለው ጠመንጃ ይከፈል የነበረው 200 ዶላር የፌዴራል ግብር ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው፣ አሻራውና ፈቃድ መጠበቁ አልቀረም፤ ግን አጭር ኤአር መያዝ ከበፊቱ ረክሷል። ቡልፐፕን የሚገዙት ከዚህ ምዝገባ ለመሸሽ ከነበረ ሂሳቡን እንደገና ሥሩት። አፈሙዙ ሲያጥር ግን እነዚህ ጠመንጃዎች የሚተኩሱት የ5.56 ጥይት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይበጥሳል። የቡልፐፕ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ አፈሙዝ በአጭር ቁመት።

ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያል። ቴክሳስ የምትፈቅደውን ሜሪላንድ፣ ኒው ዮርክ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይና ዋሽንግተን ስቴት ይከለክላሉ ወይም ያጠብቃሉ፤ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ከዳላስ ዘመድ ሰምታችሁ እንዳትገዙ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መያዝም አይፈቀድለትም። ለሌላ ሰው ብሎ በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ወንድም ለወንድም እንኳ ቢሆን። አጭር ጠመንጃ አልጋ ሥር የሚገባ መሆኑ ደግሞ ለልጅ እጅም ቅርብ ያደርገዋል፤ የሚቆለፍ ሣጥን ዋጋውን ከጠመንጃው ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠመንጃ የሚያከራይ የተኩስ ሜዳ ፈልጉና አንድ ካዝና ተኩሱበት፤ በሁለቱም ትከሻ ደግኑት፣ ካዝናውን ሳታዩ ቀይሩ። ያገለገለ አውግ ከሆነ የምታዩት ሰደፉ የራሱ ካዝና ነው ወይስ የኤአር የሚበላ ብላችሁ ጠይቁ፤ ያገለገለ ታቮር ከሆነ ደግሞ ምላጩ ተቀይሮ እንደሆነና የፋብሪካው ምላጭ አብሮ እንደሚሰጣችሁ አረጋግጡ።