ቼሪ ወይስ አማኖ? ደብረ ብርሃን ላይ ሽሪምፕ ለማርባት

ቼሪና አማኖ በቤት ውስጥ የውሃ ገንዳ የሚያዙ ትንንሽ የሽሪምፕ ዓይነቶች ናቸው። ለጀማሪ ያለማመንታት ቼሪን እመክራለሁ። እናትየው እንቁላሎቿን ከሆዷ ስር ይዛ፣ በእግሮቿ እያራገበች፣ አንድ ወር ገደማ ትቆያለች። የሚፈለፈሉት ቁርጥ እሷን የመሰሉ ጥቃቅን ሽሪምፖች ናቸው። 18 ዲግሪ ውሃ ውስጥም ይኖራሉ፤ ብርዱ ግን እርባታውን ያዘገያል። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ሌሊት ማሞቂያ ቢኖር ጥሩ ነው።

አማኖ አልጌ በመብላት ወደር የለውም። እርባታው ግን ጣጣ አለው። እጮቹ ጨዋማ ውሃ ካላገኙ በቀናት ውስጥ ያልቃሉ። ማታ በባትሪ ብርሃን ወደ አንድ ጥግ ስባችሁ፣ በሊትር 30 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ወዳለበት ገንዳ ታዛውሯቸዋላችሁ። የወጥ ቤት ጨው አይተካውም። ምግባቸው ውሃ የሚያረነጉድ ደቂቅ አልጌ ነው። ቅርጻቸውን ለውጠው ትንንሽ ሽሪምፕ ሲሆኑ ደግሞ ወደ ጨው አልባው ውሃ ይመለሳሉ።