የምራቅ እጢ እብጠት የመርፌ ምርመራ፦ መቼ ይታመናል፣ መቼስ ይደገማል?

በአማርኛ «እጢ» የሚለው ቃል ምራቅ የሚያመነጨውን ጤናማ አካልም፣ በላዩ የወጣውን እብጠትም ይጠራበታል። ስለዚህ ከጆሮው ሥር ያበጠ ሰው «እጢ ነው» ተብሎ ቢሸኝ ምንም አልተነገረውም። ካንሰር መሆን አለመሆኑን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማወቅ በዋጋም በፍጥነትም የሚሻለው አገልግሎት ኤፍኤንኤ የሚባለው፣ በቀጭን መርፌ ናሙና የሚወሰድበት ምርመራ ነው። እንመክረዋለን፤ ነገር ግን ውጤቱ የአወሳሰዱን ያህል ነው። (በትኩሳት የመጣ የልጅ ጆሮ ደግፍ መርፌ አያሻውም።)

መርፌው ከ22 እስከ 25 ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀጥናል። እብጠቱ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይመላለሳል፤ ብዙ ከቆየ ናሙናው በደም ይዋጣል። የወጣው ናሙና ስላይድ በሚባል ጠባብ መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል። ፓፓኒኮላው ለሚባለው የሴል ማቅለሚያ የሚሆነው ወዲያውኑ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፤ ጊምሳ ለሚባለው ሌላ ማቅለሚያ የሚሆነው በአየር ይደርቃል። አልኮሉ ትንሽ ከዘገየ ሴሎቹ ደርቀው የኒውክሊየሳቸው ዝርዝር ይደበዝዛል፤ ጥሩ ናሙና የሚባክነውም በዚህ ነው። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ራሱ መርፌውን የሚይዝበት፣ አልትራሳውንድም ያለበት ክፍል ከተገኘ እሱን ምረጡ።

አልትራሳውንዱ በተለይ ውሃ ለቋጠረ እብጠት ይጠቅማል። ፈሳሹ ተመጥጦ እብጠቱ ቢሟሽሽም፣ የቀረው ጠጣር ክፍል እንደገና መወጋት አለበት። ሙኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ የሚባለው የምራቅ እጢ ካንሰር፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት፣ አንዳንዴ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ብቻ ይሰጣል። «ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ካንሰር አልታየም» የሚል ውጤት ማረጋገጫ አይደለም።

ጥሩ ሪፖርት መጀመሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሚላን አመዳደብ (የምራቅ እጢ መርፌ ውጤት መመደቢያ) ይከተላል። ስድስት ምድቦች አሉት፤ የመጀመሪያው «ናሙናው አይበቃም» ማለት ነው፣ ይደገማል። ምድብ ያልተጻፈበትን ሪፖርት አስጽፉ። መርፌው አቅሙ የሚያጥረው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነው፣ ከሁሉም የሚበዛው) ከአዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ (ካንሰር ከሆነው) ጋር ሲመሳሰል ነው። እብጠቱ ሽፋኑን ጥሶ መውጣቱንም አያሳይም፤ ያ የሚታወቀው ሙሉው ወጥቶ ሲመረመር ነው።

ቦታውም ይመዘናል። ከጆሮ ሥር ካሉት እብጠቶች 80 በመቶ ያህሉ ካንሰር አይደሉም፤ ከመንጋጋ ሥር ግማሽ ያህሉ፤ ከምላስ ሥር ግን አብዛኞቹ ካንሰር ናቸው። ስለዚህ ከምላስ ሥር የተወሰደ «ንጹህ» ውጤት ሁለተኛ መርፌ ይገባዋል። ፊት ከተጣመመ፣ ከደነዘዘ ወይም እብጠቱ በድንገት ከፈጠነ ደግሞ መርፌው ምንም ይበል ምን ኤምአርአይና የቀዶ ሐኪም ምክር አይዘገይም።

«ቆረጥ አድርገን ናሙና እንውሰድ» ከተባላችሁ አትቸኩሉ። የፊት ነርቭ በጆሮ ሥሩ እጢ መሃል ያልፋል። የፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ሽፋን ከተቀደደም ሴሎቹ ተበትነው ከዓመታት በኋላ በብዙ ትናንሽ እብጠቶች ይመለሳሉ።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትሄዱ ከወረቀቱ ጋር ስላይዶቹንም ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ሁለተኛው ፓቶሎጂስት የሚያየው እነሱን ነው።