የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ለአንባቢ ሲመዘን

በሕዝብ መናፈሻዎች የሚገኙት አብዛኞቹ መቀመጫዎች ለአፍታ ዕረፍት እንጂ ለረጅም ንባብ የተሠሩ አይመስሉም። መደገፊያ የሌለው የኮንክሪት አግዳሚ ጠንካራና ለጥገና የማያስቸግር ቢሆንም፣ ጠዋት ጠዋት ቅዝቃዜው ልብስ ያልፋል፤ አንባቢውም ጥቂት ገጾች እንዳነበበ ጎብጦ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያስደግፋል። የብረቱ ደግሞ ፀሐይ ከመታው አያስቀምጥም። እኔ የምመርጠው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ መደገፊያው በጥቂቱ ወደ ኋላ ያዘነበለና የክንድ ማሳረፊያ ያለው የእንጨት አግዳሚ ነው፤ በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት የዝናብ ውኃ ስለሚያሳልፍ ቶሎ ይደርቃል። አንዳንዶቹ ላይ መሐል ለመሐል የሚገጠመው ብረት ሰው እንዳይጋደም ታስቦ ነው፤ ሐሳቡ ደግነት የጎደለው ቢሆንም መጽሐፍ ለያዘ ክንድ ማረፊያ መሆኑ አይካድም።

ይሁንና ጥላ ከፀሐይ ጋር ስለሚዞር፣ ዛፉ በምሥራቅ በኩል የሆነ መቀመጫ ጠዋት ቢመችም ከሰዓት በኋላ የወረቀቱ ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል። በዚህ ረገድ በኒው ዮርኩ ብራያንት ፓርክና በፓሪሱ የሉክሰምቡርግ የአትክልት ስፍራ እንዳሉት፣ መሬት ላይ ያልተተከሉና አንባቢው ጥላውን ተከትሎ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮች ተወዳዳሪ የላቸውም። ከሉክሰምቡርጎቹም ቢሆን ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ያዘነበለው ዓይነት ይበልጣል፤ ቀጥ ያለው ለጋዜጣ ይበቃል።