«ኢ» ስትነካ ታስክ የሚዘጋ ፕሮግራም

ውሎዬ ትርጉም ማረም ነው። በቀን ሠላሳ አርባ ታስክ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ለእያንዳንዱ ማውስ ካነሳሁማ ማታ ላይ እጄ ብርጭቆ አይዝልኝም። ስለዚህ የምንሠራበት የታስክ መከታተያ ሲቀየር (ስሙን ልተወው) መጀመሪያ ያጠናሁት ሾርትከቶቹን፣ ማለትም በማውስ ፋንታ በኪቦርድ የሚሰጡትን ትእዛዞች ነው።

ፈጣን ናቸው፣ አልዋሽም። «ኪው» አዲስ ታስክ፣ «ዲ» ቀነ ገደብ፣ «ኢ» ተጠናቀቀ። ሺፍት የለ፣ ምን የለ፣ አንዲት ፊደል ብቻ።

ጉዱ የመጣው ለባልደረባዬ ኮመንት ስጽፍ ነው። ዓይኔ ሰነዱ ላይ እንዳለ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መታሁና ቀና ስል ሳጥኑ ባዶ ነው። ለካ ጠቋሚው ውስጡ አልነበረም! የነካሁት ፊደል ሁሉ እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ ሦስት ታስክ ተዘግቷል፣ የአንዱ ቀነ ገደብ ጠፍቷል። የትኞቹ እንደሆኑ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

የሾርትከት ማስተካከያ ገጹን ያገኘሁት ያን ቀን ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ከትእዛዙ ጎን ያለችውን ሳጥን ጠቅ አድርጎ አዲሱን ቁልፍ መጫን፣ አለቀ። «ተጠናቀቀ»ን ወደ ኮማንድ ሺፍት ኢንተር ወሰድኩት፤ ሦስት ቁልፍ በስህተት አብሮ አይነካም። ጥፋቱ የእኔ ዝርክርክነት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው። በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ስሪት 2.1፣ በአንድ ፊደል ብቻ የሚሠራ ሾርትከት የሚጠፋበት ወይም የሚቀየርበት መንገድ ይኑረው፣ ካልሆነም ሾርትከቱ የሚመለከተው የገጹ ክፍል ሲመረጥ ብቻ ይሥራ ይላል። በድምፅ ለሚጽፍ ሰው አስቡት፤ አንድ ቃል ሲናገር ስንቱ ትእዛዝ ይነሳበታል።

የማስተካከያ ገጹ የሚያናድደኝ ቁልፉ ከሌላ ትእዛዝ ጋር ሲጋጭ ትንፍሽ ስለማይል ነው። ለአዲስ ታስክ ኮንትሮል ስፔስ ስሰጠው ያለምንም ማስጠንቀቂያ ተቀበለኝ። ማክ ላይ ግን ያ የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያ ነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየተፈራረቀ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሊነካ የማይገባው ቁልፍ። ኮማንድ ኤንንም «ተመዝግቧል» አለኝ፤ ስጫነው ክሮም አዲስ መስኮት ከፈተ። ብሮውዘሩ ያንን ቁልፍ ለድረ ገጽ አይለቅማ። የጥያቄ ምልክት ስጫን የሚመጣው ዝርዝርም እስካሁን የድሮዎቹን ሾርትከቶች ነው የሚያሳየኝ።

ፕሮግራሙን ማካችሁ ላይ የጫናችሁ ከሆነ ሌላ መውጫ አለ። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ ከሚለው ገብታችሁ ሜኑው ላይ ላለ ትእዛዝ የራሳችሁን ሾርትከት መስጠት ትችላላችሁ። ስሙ ግን ሜኑው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ ካለ ነጥቡም ጭምር። እኔ በነጥቡ የተነሳ ሁለት ጊዜ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። «ኢ»ን ባዶ ትቻታለሁ፤ አሁንም ጣቴ በልማድ ሄዶ ይነካታል፣ ምንም አይሆንም።