ባለ 24 ጥያቄው የመናገር ፍርሃት መለኪያ፦ ለሐዋሳ ሰው ምን ያህል ይሠራል?

ከኮሮና ወዲህ ሰው ፊት መናገር የከበዳቸው ተማሪዎችና ሥራ ፈላጊዎችን ለሚያግዝ ሰው በነፃ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱ ፒአርሲኤ-24 (PRCA-24) የተባለው የመናገር ፍርሃት መጠይቅ ነው። ያዘጋጁት አሜሪካዊው የተግባቦት ምሁር ጄምስ ማክሮስኪ ናቸው። ለመሙላት 10 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል፤ ከወረቀትና እስክሪብቶ በቀር ምንም አይጠይቅም። ጥሩ መሣሪያ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን እንዳለ ተተርጉሞ ከታደለ ያሳስታል።

ጥያቄዎቹ በአራት ይከፈላሉ፤ የቡድን ውይይት፣ ስብሰባ፣ የሁለት ሰው ጨዋታና ሕዝብ ፊት የሚደረግ ንግግር፣ ለእያንዳንዳቸው 6 ጥያቄ። መልሱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ውጤት ከ6 እስከ 30፣ ድምሩ ከ24 እስከ 120 ይደርሳል። ከ80 በላይ ከፍተኛ፣ ከ51 በታች ዝቅተኛ ፍርሃት ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምሩን ብቻ አይቶ ሲያልፍ ነው። የንግግሩን ክፍል እንውሰድ፤ ከቋሚው ቁጥር 18 ላይ የ19ኛው፣ የ21ኛው እና የ23ኛው ጥያቄ መልሶች ይቀነሳሉ፣ የ20ኛው፣ የ22ኛው እና የ24ኛው ይደመራሉ። አንዲት ተማሪ ለሚቀነሱት ሦስት 2፣ 2 እና 1፣ ለሚደመሩት 4፣ 5 እና 4 ብትሞላ 18 − 5 + 13 = 26 ይመጣል። ይህ ከ30 ነው፤ ከባድ ፍርሃት ነው። የሁለት ሰው ጨዋታዋ 10፣ ውይይትና ስብሰባዋ 15፣ 15 ቢሆኑ ድምሯ 66 ይሆናል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው «መካከለኛ ነሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብሎ ይሸኛታል፤ ልጅቷ ግን ፕረዘንቴሽን ባለ ቀን ከክፍል ትቀራለች።

ከወረርሽኙ ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ማውራት አልቆመም፤ የቆመው ክፍል ፊት ወጥቶ መናገሩ፣ ስብሰባው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መተዋወቁ ነው። ድሮም መናገር ይፈራ ለነበረ ሰው ይህ እፎይታ ነበር። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ መሸሽ ወዲያው ያሳርፋል፣ ዕረፍቱ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መሸሽን ያስለምዳል። ስለዚህ አራቱ ክፍሎች እኩል ላይጎዱ ይችላሉ፤ ለየብቻ መነበብ አለባቸው። መጠይቁ ፍርሃቱ የት እንዳለ እንጂ ከምን እንደመጣ አይናገርም። ከኮሮና በፊት የተሞላ ወረቀት ከሌለ «ኮሮና ያመጣብህ ነው» ማለት አይቻልም።

ወደ አማርኛ ሲመለስ ትልቁ እንቅፋት 14ኛውና 19ኛው ጥያቄ ናቸው። ሁለቱም «ፍርሃት የለብኝም» የሚል ሐሳብ አላቸው። የሚፈራው ሰው በዚህ ላይ «አልስማማም» ማለት አለበት፤ «የለብኝም» እና «አልስማማም» ሲደራረቡ እጁ ወደ 5 ይሄዳል፣ ውጤቱም ይገለበጣል። «ሳልፈራ እናገራለሁ» ብሎ መተርጎም ይሻላል። «ስብሰባ» የሚለውም ቃል ለአንዱ የቀበሌ፣ ለሌላው የእድር፣ ለሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ነው፤ ከመሞላቱ በፊት የትኛው እንደሆነ ይነገር።

ቋንቋ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። በሲዳምኛ አፉን የፈታ፣ ከተማ ውስጥ በአማርኛ የሚውል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ ፕረዘንት የሚያደርግ ልጅ የትኛውን አስቦ ይሙላ? መጠይቁ አይጠይቅም። የወረቀቱ አናት ላይ ቋንቋውን መጻፍ፣ ጊዜ ካለ በሁለት ቋንቋ ሁለቴ ማስሞላት ይገባል። በንግግሩ ክፍል በአማርኛ 12፣ በእንግሊዝኛ 27 ያመጣ ልጅ የሚያስፈልገው የቋንቋ ልምምድ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ሰው ባለበት ዝም ማለት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። መጠይቁ ግን ይህን ዝምታ ከፍርሃት አይለይም። 80 እና 51 የሚሉት መስመሮችም የወጡት ከአሜሪካውያን መልስ ነው፤ እዚህ የሰው መፈረጃ መሆን የለባቸውም። ስለ ስልክም የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ቴሌግራም ላይ እንደልቡ እየጻፈ ሲደወልለት የማያነሳውን ሰው ያልፈዋል። ለዚህ አንድ ጥያቄ መጨመር ይቻላል፣ ነጥቡ ግን ከ24ቱ ጋር አይደመር።

ዋናው ሥራ ከተሞላ በኋላ ነው። ከፍ ያለውን ክፍል መርጦ ከቀላሉ መጀመር፦ ሁለት ጓደኛ ፊት 1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ ወረቀት ሳይዙ 2 ደቂቃ መናገር፣ ከዚያ አምስት ሰው ፊት። ፍርሃቱ ሲጨምር አቋርጦ መቀመጥ ልምምዱን ያበላሻል፤ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን መጨረስ ያስፈልጋል። ፊትን በወረቀት መጋረድ፣ ቶሎ ለመገላገል መጣደፍ፣ ሳያስፈልግ ማስክ አለማውለቅም መሸሽ ናቸው፤ አንድ በአንድ ይነሱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያው ወረቀት በያው ቋንቋ ይሞላና የዚያ ክፍል ነጥብ ብቻ ይወዳደር። ከቤት መውጣት ወይም ፈተና መቀመጥ ያቃተው ካለ ግን መጠይቁን ትቶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂድ።

በቡድን የሚሞላ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፣ ነጥቡም ጮክ ተብሎ አይነበብ። እያንዳንዱ የራሱን አስልቶ ይዞ ይሂድ።